«ፎርማት ይደረግ» ማለት ይብቃን

ወገኖች፣ የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ቀረጥም ስለ ምንዛሪም አይደለም። ጠባችን ከአንድ ቃል ጋር ነው። ላፕቶፑ አልነሣም ሲል፣ ሰማያዊ ገጽ አውጥቶ ሲደርቅ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ዊንዶው አልከፍትም ሲል፣ ከባለሙያውም ከእኛም አፍ ቀድማ የምትወጣው «ፎርማት ይደረግ» ናት። የሱቃችን ቁልፍ አልዞር ቢል ሱቁን አፍርሰን እንደገና አንሠራም። ቁልፍ ሠሪ እንጠራለን፣ ወይም ቤት ያስቀመጥነውን ሁለተኛ ቁልፍ እናስመጣለን። ለኮምፒውተሩ ግን ሁለተኛ ቁልፍ የለንም። ስለዚህ በየጊዜው እናፈርሳለን።

ሁለተኛው ቁልፍ የማስነሻ ዲስክ ነው። ድሮ ሲዲ ነበር፣ ቀጥሎ ዲቪዲ ሆነ፤ አሁን የሲዲ ማስገቢያ ያለው ላፕቶፕ እየጠፋ ስለሆነ ፍላሽ ሆኗል። እኛ ግን በለመድነው ስም ዲስክ እንለዋለን። የኮምፒውተሩ ዊንዶው ሲበላሽ ማሽኑ ከፍላሹ ይነሣል፣ ውስጡ ያለውን ፋይል ያሳየናል፣ ደህና በነበረበት ቀን የተቀዳውን ሙሉ ቅጂ መልሶ ያስቀምጥልናል። ክርክራችን አጭር ነው፦ ይህን ዲስክ እያንዳንዱ የንግድ ቤት ከገዛ ማሽኑ፣ ማሽኑ ጤነኛ ሳለ መሥራት አለበት። ከመንገድ ዳር የተገዛ የማንም ዲስክ አይተካውም። ባለሙያው ኪስ ውስጥ ያለውም የባለሙያው እንጂ የእኛ አይደለም።

ለምን እንዲህ እንደምንቆጣ እንናገር። ከኢስሊ ሞያሌ፣ ከሞያሌ ኢስሊ ነው ምልልሳችን። ወደ ናይሮቢ በርበሬ፣ ሽሮና የሐበሻ ቀሚስ እናስገባለን፤ ወደ አገር ቤት ጫማና ልብስ እንልካለን። የዚህ ሁሉ ሒሳብ የሚያዘው በአንድ ላፕቶፕ፣ ፒችትሪ ላይ ነበር። የዱቤ ደንበኞቻችን፣ ለአቅራቢ ያለብን፣ ሌላው ቀርቶ የእቁባችን የዕጣ ቅደም ተከተል እዚያው ነበር። አንድ ፋሲካ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው፣ ሰው ሁሉ ዕቃ በሚያነሣበት ሰዓት መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ አብሮ ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ አርማውን ብቻ እያሳየ ይዞር ጀመር፤ አልከፈተም።

ለአንድ ኮምፒውተር ቤት ሰጠነው። ልጁ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ስሙንም ቤቱንም አናነሣም፤ ጥፋቱም የእሱ ብቻ አልነበረም። «ምን ምን ላስቀምጥላችሁ?» ብሎ ጠይቆናል። እኛም ቸኩለን «ያለውን ሁሉ» አልን። ለእሱ ያለው ሁሉ ማለት ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስና ፎቶ ነው። የፒችትሪ የድርጅት ፎልደር ግን ከነዚህ በአንዱም ውስጥ አልነበረም፤ ሲ ድራይቭ ላይ፣ ፕሮግራሙ ሲጫን ለራሱ በከፈተው ቦታ ነበር የተኛው። ማታ ላፕቶፑን ስንረከብ የሠርግ ፎቶው አለ፤ የልጆች የትምህርት ውጤት አለ፤ የአራት ዓመት ሒሳብ የለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነጋዴ የሆነ ሁሉ ይገባዋል። እኛ የረሳነውን ዕዳ ራሳቸው አስታውሰው መጥተው የከፈሉ ደንበኞች አሉ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። «እኔ እኮ ከፍዬ ጨርሻለሁ» ያሉም አሉ። ምናልባት እውነታቸውን ይሆናል። ክፋቱ እሱ ላይ ነው፤ ማወቂያ የለንም። ሰውን በዜሮ ማስረጃ ሌባ ማለት አይቻልም፣ በዜሮ ማስረጃ ማመንም ሱቅ ይዘጋል። የኬንያ የግብር ሕግ ደግሞ የንግድ መዝገብ አምስት ዓመት ይቀመጥ ይላል፤ «ፎርማት ተደረገ» የሚል መልስ አይቀበልም።

ከሁሉ የከፋው የእቁቡ ነው። ሁለት እህቶቻችን ዕጣ ተለዋውጠው ነበር፤ አንዷ ቀድማ እንድትወስድ፣ ሌላዋ በኋላ እንድትወስድ። ልውውጡ የተጻፈው ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ነው። መዝገቡ ሲጠፋ አንዷ «የሚቀጥለው የእኔ ነው» አለች፤ ሌላዋ «አይደለም» አለች። አንዷ ለልጇ ትምህርት ቤት ልትከፍልበት ነበር። አብረው ቡና የሚጠጡ ሰዎች ሁለት ወር ሰላም አልተባባሉም። ይህን ያደረገው ቫይረስ አይደለም፣ ሌባም አይደለም። «ያለውን ሁሉ» ያልናት አንዲት ቃል ናት።

በንግድ ሥራ ስንማር ለአጠራጣሪ ዕዳ መጠባበቂያ ያዙ ተብለን ነበር። የማይከፍል ደንበኛ እንዳለ አስቀድመን አውቀን ከትርፋችን እንቆርጣለን፤ ለማሽንም የእርጅና ቅናሽ እንይዛለን። ማሽኑ ድንገት የሞተ ቀን መዝገቡ ወዴት እንደሚሄድ ግን አንድም መምህር አልጠየቀንም፤ እኛም ሃያ ዓመት ሙሉ ራሳችንን አልጠየቅንም።

ከዚያ ወዲህ ወዳጆቻችንን ስንጠያይቅ መልሱ ተመሳሳይ ነው። «እኔ እንኳ ዲ ድራይቭ ላይ ነው የማስቀምጠው» ይሉናል በኩራት። ሲ እና ዲ በአብዛኛው ላፕቶፕ ላይ አንድ ሃርድ ዲስክ ናቸው፤ በመካከላቸው ግድግዳ ተሠርቶ ሁለት ክፍል የሆነ አንድ ቤት ማለት ነው። ባለሙያው ሲን ብቻ ካጸዳ ዲ ይተርፋል፤ እውነት ነው። ቤቱ ከተቃጠለ ግን ሁለቱም ክፍል ይቃጠላል። ዲስኩ ራሱ ከሞተ፣ ላፕቶፑ ከአውቶቡስ ላይ ከተሰረቀ ወይም ቸኩሎ የሚሠራ ሰው ክፍሎቹን ሁሉ ደምስሶ እንደ አዲስ ከከፈለው ዲ የት አለ? ከፋብሪካው አብሮ የመጣው የማገገሚያ ክፍልም እዚያው ዲስክ ላይ ነው የሚኖረው። ያገለገለ ላፕቶፕ የምንገዛ ሰዎች ደግሞ እሱንም አናገኘውም፤ ከእኛ በፊት የነበረው አጽድቶታል።

ሌላው የሚያናድደን የፈቃዱ ነገር ነው። ዊንዶው ተጭኖበት በሕጋዊ መንገድ የተሸጠ ላፕቶፕ፣ ከዊንዶው 8 ዘመን ወዲህ የተሠራ ከሆነ፣ የፈቃድ ቁልፉ ብዙውን ጊዜ ማዘርቦርዱ ውስጥ ተቀምጧል። ያንኑ ዓይነት ዊንዶው መልሰን ብንጭን ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱን ያውቃል፤ ማንም ምንም መክፈል የለበትም። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ባለሙያው ሆም የነበረውን ፕሮ አድርጎ ይጭናል፤ ያ ስለማይቀበለው የመስበሪያ ፕሮግራም ይጨምርበታል፤ የመስበሪያው ፕሮግራም እንዲሠራ የቫይረስ መከላከያውን ያጠፋዋል። የከፈልንበትን ጥለን፣ የተሰበረውን በገንዘባችን ገዝተን፣ በሩን ክፍት አድርገን ወደ ሱቅ እንመለሳለን። ከዚያ ቫይረስ ሲገባ መድኃኒቱ ምን ይባላል? ፎርማት ይደረግ።

ይህ ጉዳይ ዘንድሮ የባሰበት ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት የዊንዶው 10ን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ላፕቶፑን ተሸክሞ «ወደ 11 አሻግርልኝ» እያለ ይሰለፋል። መሻገሩ ባልከፋ። ነገር ግን አዲስ ዊንዶው 11 ሲጫን የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል፤ ባለሙያው ደግሞ እኛን «ኢሜይልሽ ማነው፣ የይለፍ ቃልሽስ?» እያለ ከመጨቃጨቅ በራሱ ኢሜይል ይከፍተዋል። በቅርብ ጊዜዎቹ የ11 እትሞች ላይ በአካውንት ሲገባ ዲስኩ በራሱ የሚቆለፍባቸው ብዙ ማሽኖች አሉ። የመክፈቻው ቁልፍ 48 አሃዝ ነው፤ የሚቀመጠውም መጀመሪያ በገባው አካውንት ውስጥ ነው። አንድ ቀን ኮምፒውተሩ «48ቱን አሃዝ ስጪኝ» ካለ ቁልፉ ያለው ልጁ ጋ ነው። ልጁ ዱባይ ሄዶ ቢሆንስ? ኢሜይሉን ረስቶት ቢሆንስ? የሱቃችንን ብቸኛ ቁልፍ ለበር ጠጋኝ ሰጥተን እንደ መሸኘት ነው፤ መስጠታችንን እንኳ አናውቅም።

እሺ ምን ይደረግ ለሚል፣ እኛ ያደረግነውን እንናገር። ሁለት ነገር ገዛን፦ አንድ 32 ጊጋ ፍላሽና አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ። ጨከን የሚያሰኘው ኤክስተርናሉ ነው፤ ፍላሹ ብዙ አይባልም።

ዊንዶው ራሱ የሚሠራው የማገገሚያ ፍላሽ አለ። መፈለጊያው ላይ «ሪከቨሪ ድራይቭ» ብሎ በእንግሊዝኛ መጻፍ ነው፤ የሲስተም ፋይሎቹንም አብረህ ቅዳ የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርጎ መቀጠል። ፍላሹ ላይ የነበረውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ባዶ ፍላሽ ይሁን። ጊዜ ይወስዳል፤ ቡና አፍልታችሁ ጠብቁት። ምንም ለማያውቅ ሰው ይህም ከምንም ይሻላል። ግን ልብ በሉ፦ ይህ ፍላሽ ዊንዶውን እንጂ ፒችትሪን አይመልስም፤ ሒሳባችሁን አይዝም፤ ፎቶም አይዝም። «ሪከቨሪ ሠርቻለሁ» ብለው የተኙ ስንት ናቸው!

ስለዚህ እኛ የራሳችንን ሠራን። ቬንቶይ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ አንድ ፍላሽ ላይ ከተጫነ በኋላ የተለያዩ የማስነሻ ፋይሎችን እንደ ዘፈን እየቀዱ ማስቀመጥ ነው፤ ሲነሣ ዝርዝር አውጥቶ «በየትኛው ልነሣ?» ይላል። በእሱ ላይ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ በነጻ የሚወርደውን የዊንዶው መጫኛ አስቀመጥን፤ ረስኪውዚላ የሚባለውንም አስቀመጥን። ይህኛው ኮምፒውተሩን ያለ ዊንዶው ያስነሣና የሃርድ ዲስኩን ሙሉ ቅጂ ወደ ኤክስተርናሉ ይቀዳል። ነጻ ነው፤ ቁልፎቹም ጥቂት ናቸው፦ ቅዳ፣ መልስ፣ አረጋግጥ። ላፕቶፑ ሲበራ ከፍላሹ እንዲነሣ ዴል ላይና ብዙ ሌኖቮ ላይ ኤፍ 12ን፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9ን ደጋግሞ መጫን ነው። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ዛሬ ሞክራችሁ በፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ከላፕቶፑ ሥር ለጥፉት። በጭንቅ ቀን አሥራ ሁለቱን ቁልፍ በየተራ መቀጥቀጥ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ዲስኩን «የራሳችን» የሚያሰኘው ሌላ ማንም የማይጨምርልን አንድ ፎልደር ነው። እኛ «ስንቅ» ብለነዋል። መጀመሪያ የገቡት ድራይቨሮች ናቸው፤ በተለይ የዋይፋዩ። ዊንዶው አዲስ ሲጫን ዋይፋዩን ሳያውቀው ከቀረ ኢንተርኔት የለም፤ ኢንተርኔት ከሌለ የዋይፋዩን ድራይቨር ማውረድ አይቻልም። እንቁላሉን ለማግኘት ዶሮዋ ትፈለጋለች፣ ዶሮዋ ደግሞ እንቁላሉ ውስጥ ናት። ሞያሌ ላይ እዚህ ወጥመድ ውስጥ ገብተን ሁለት ቀን ተቀምጠናል። ባለሙያውን «አሁን የተጫኑትን ድራይቨሮች በሙሉ ወደ አንድ ፎልደር አውጣልን» በሉት፤ ዊንዶው ራሱ ይህን የሚያደርግበት ትእዛዝ አለው፤ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። እምቢ ካለ ወይም አላውቅም ካለ ሌላ ባለሙያ ፈልጉ።

ቀጥሎ የፕሪንተሩ ድራይቨር፣ የደረሰኝ ማተሚያውም ካለ የእሱ። ቀጥሎ የፒችትሪ መጫኛ፣ ያለን እትም ራሱ፣ ከነመለያ ቁጥሩ። እትሙ ዋና ነገር ነው፤ በአዲሱ የተቀመጠ ሒሳብ በአሮጌው አይከፈትም።

ከዚያ ፊደላችን። ይህን የፈረንጅ አገር መመሪያ አይነግራችሁም። ብዙዎቻችን የድሮ ደብዳቤ፣ ውል፣ የእቁብ ደንብ የጻፍነው ዩኒኮድ ባልነበሩት የግዕዝ ፎንቶች ነው። ፋይሉ ቢተርፍ እንኳ ፎንቱ ከጠፋ ገጹ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ሰው «ፋይሌ ተበላሸ» ብሎ ይደመስሰዋል። አልተበላሸም፤ ልብሱን ነው ያጣው። አንድ ወዳጃችን የቤት ኪራይ ውሏን እንዲህ ብላ ልትጥለው ስትል ደርሰንባታል፤ ፎንቱን ስንጭነው እያንዳንዱ ፊደል ቦታው ላይ ተገኘ። ስለዚህ ፓወር ግዕዝ ይሁን ቪዥዋል ግዕዝ፣ የምትጠቀሙበት መጻፊያ ከነፎንቶቹ ስንቁ ውስጥ ይግባ። አዲስ የምትጽፉትን ደግሞ በዩኒኮድ ጻፉ፤ ለልጆቻችሁም ይነበባል።

ይህ ሁሉ በጤነኛው ማሽን ላይ ተጭኖ፣ ቫይረሱ ተጠርጎ፣ ሁሉም ከሠራ በኋላ ነው ሙሉው ቅጂ የሚነሣው። የታመመ ማሽን ቅጂ የታመመ ነው። የእኛ ላፕቶፕ ላይ ሥራው አንድ ሰዓት አልሞላም። ዲስኩ የተቆለፈ መሆኑንም አስቀድማችሁ እዩ፤ ከተቆለፈ ያ የ48 አሃዙ ቁልፍ በራሳችሁ አካውንት እንዳለ አረጋግጡና በወረቀት ገልብጡት።

አንድ ነገር ላይ ጠንቀቅ እንበል፣ እኛም ልንሳሳት ነበርና። ሙሉው ቅጂ ሲመለስ ኮምፒውተሩን ወደ ተቀዳበት ቀን ነው የሚመልሰው። ቅጂው የጥር ከሆነና ማሽኑ በግንቦት ከታመመ፣ መመለስ ማለት የአራት ወር ሒሳብ በእጅ ማጥፋት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከፍላሹ ተነሥቶ፣ ዲስኩ አሁንም የሚነበብ ከሆነ የዛሬውን የፒችትሪ ፎልደርና ዶክመንቶች ወደ ኤክስተርናሉ መገልበጥ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ቅጂውን መመለስ። በተጨማሪም በየሳምንቱ ቅዳሜ ሱቅ ሲዘጋ ፒችትሪ በራሱ ባክአፕ በሚለው በኩል ይቀመጥ፤ አንድ ትንሽ ፋይል ናት። ሙሉው ቅጂ በዓመት ሁለቴ ይበቃል፤ ሒሳቡ ግን በየሳምንቱ ነው።

ተቃዋሚዎቻችንን እናውቃቸዋለን፤ ቤታችን ውስጥም አሉ። ልጆቻችን «እማዬ፣ ሁሉም ነገር እኮ አሁን ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ድራይቭ ላይ ጫኚው፣ ቴሌግራም ላይ ለራስሽ ላኪው» ይላሉ። ፋይል ወደዚያ መላኩን አንቃወምም፤ እኛም የሳምንቱን ባክአፕ እንልካለን። ግን የተላከው ፋይል ያልተነሣን ኮምፒውተር አያስነሣም። ፒችትሪን አይጭንም፣ ፕሪንተሩን አያናግርም። ኔትወርክ በጠፋበት ቀን ድንበር ላይ ቆሞ ያየ ሰው ደግሞ ሁሉን ነገር በኔትወርክ ላይ አያንጠለጥልም።

ትልልቆቹ ደግሞ «ደብተር ይበቃል፤ እናቶቻችን በደብተር ነግደው አሳድገውናል» ይላሉ። ደብተር እናከብራለን። ከጥፋቱ በኋላ ያዳነን አንድ አሮጌ ደብተር ነው፤ ግማሽ ዓመት ያህል ነገር ተገኝቶበታል። ነገር ግን እናቶቻችን የነገዱት ዛሬ የሚጠየቀው የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮንና የግብር መግለጫ ባልነበረበት ዘመን ነው። ደብተሩን ጠብቁ፤ ዲስኩንም ሥሩ።

ባለሙያዎቹ ደግሞ ቅር ይላቸዋል፤ «እንጀራችን ላይ መጣችሁ» ያሉንም አሉ። አልመጣንም። ዲስኩን ሲሠሩልን እንከፍላለን፤ ከፎርማትም አብልጠን እንከፍላለን። የማንከፍለው መዝገባችንን ላጠፋ ሥራ ነው። ከእንግዲህ ላፕቶፕ ይዘን ስንመጣ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ስንት ነው?» ሳይሆን «ሳታጠፋው ከሌላ ዲስክ አስነሥተህ ፋይሉን ታሳየናለህ ወይ?» ይሁን። ፋይሉን ቆመን እንይ። የፒችትሪውን ፎልደር በጣታችን እናሳይ። ከዚያ በኋላ ፎርማት ካስፈለገ ይደረግ፤ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለና።

ስለ ማስቀመጫው ሁለት ቃል። ኤክስተርናሉን ከላፕቶፑ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ የሚይዝ ሰው ለሌባው ሁለቱንም ነው የሚሰጠው። መሳቢያ ውስጥ ከላፕቶፑ ሥር የሚያስቀምጥም እንደዚያው፤ በጥቅምት 2017 የመርካቶ ሸማ ተራ ቃጠሎን ያየ ነጋዴ እሳት መሳቢያን ከጠረጴዛ እንደማይለይ ያውቃል። አንዱ ሱቅ፣ ሌላው ቤት ይሁን። ቅጂው ውስጥ የደንበኞቻችን የፓስፖርት ኮፒም፣ የባንክ ወረቀትም ስላለ በማንም እጅ አይደር። ማስነሻውን ፍላሽ ደግሞ መዝሙር ለመገልበጥ ለጎረቤት አታበድሩት። የእኛን አንድ ጊዜ አበድረነው ቫይረስ ይዞ ተመልሶ እንደገና ሠርተነዋል።

የቀረው ሙከራ ነው። ያልተሞከረ ዲስክ ዲስክ አይደለም፤ ክርክራችንን የጨረስነውም በሙከራ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ያንኑ ልጅ፣ አዎ ያንኑ፣ ሱቅ ጠራነው። የላፕቶፑን ሃርድ ዲስክ ፈትቶ አወጣና መጠኑ ከእሱ የማያንስ ሌላ ባዶ ዲስክ ገጠመ። የእኛን ዲስክ እንዳይነካው ነው፤ በደህናው ላይ መሞከር ቁማር ነው። ከዚያ እጁን አጣጥፎ ቆመ፤ የሠራነው እኛ ነን። ፍላሹ ሰካን፣ ኤፍ 12፣ ከዝርዝሩ ረስኪውዚላ፣ «መልስ»። መጀመሪያ የተሳሳተውን ቅጂ መርጠን ልጁ ሳቀብን፤ እንደገና ጀመርን። ሲጨርስ ፍላሹን ነቅለን አበራነው። ዊንዶው ከፈተ፣ ፒችትሪ ከፈተ፣ የአማርኛው ደብዳቤ ተነበበ። ፕሪንተሩ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር፤ ገመዱ ወልቆ ነው።

መጀመሪያ ያተምነው የእቁቡን ዝርዝር ነው፤ ከደብተሩና ከአባላቱ ቃል አሰባስበን እንደ አዲስ የሠራነውን። ዕጣ የተለዋወጡት ሁለቱም እህቶች መጥተው ፈርመውበታል። ሰላምታቸው ግን እስካሁን ቀዝቃዛ ነው።